«ባክ አፕ» እና «ባካፕ»፦ በአንድ ክፍት ቦታ የጠፋ የሦስት ወር መዝገብ

አትላንታ ውስጥ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች እድር አለን። የመዋጮውን መዝገብ ከደብተር ወደ ታብሌት እናዛውር ሲባል፣ አንድ ክፍት ኮድ የሆነ የሒሳብ አፕ መርጬ ጽሑፎቹን ወደ አማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። የሚኖሩት ከአትላንታ በስተምሥራቅ ባለችው፣ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች በሰፈሩባት ክላርክስተን ነው። አንድ ቀን ደወሉልኝ። ታብሌቱ ላይ ቡና ተደፍቶበት አልበራም ብሏል።

«እማማ፣ ባካፕ አድርገውት ነበር?»

«ምኑን?»

«ከታች በኩል ያለችውን ቁልፍ ተጭነዋት ያውቃሉ?»

«‹ወደ ኋላ መልስ› የምትለዋን? እሷንማ በእጄም አልነካት! የጻፍኩትን ወደ ኋላ ብትመልስብኝስ?»

ዝም አልኩ። «ወደ ኋላ መልስ» ብሎ የተረጎመው ሌላ ሰው አይደለም። የሦስት ወር መዝገብ ጠፋ። በእድራችን ደንብ ደግሞ ሦስት ወር ያልከፈለ ቤተሰብ ሐዘን ቢደርስበት የቀብር ገንዘብ አያገኝም።

ስህተቱ እንዴት መጣ? የተረጎምኩት ከሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የአፑን ገጽ ሳላይ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ። ቃላቱ በፊደል ተራ የተደረደሩ ነበሩ። መጀመሪያ «ባክ» መጣ፣ «ተመለስ» አልኩት። ከሥሩ «ባክ አፕ» አለ፣ በሁለት ቃል ተጽፎ። ያንኑ ስሜት ተከትዬ አለፍኩት። «ባካፕ» ተብሎ በአንድ ቃል ቢጻፍ ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

እንግሊዝኛ ግን ያለ ምክንያት አልለያየውም። ሁለት ቃል ሆኖ ሲጻፍ ግስ ነው፣ ድርጊቱን ይናገራል፤ ሲናገሩትም ጫናው «አፕ» ላይ ያርፋል። አንድ ቃል ሆኖ ሲጻፍ ስም ነው፣ የተቀመጠውን ቅጂ ይናገራል፤ ጫናው «ባክ» ላይ ይሆናል። «ሎግ ኢን» እና «ሎጊን»፣ «ሴት አፕ» እና «ሴታፕ» የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ አትላንታ ግሱን በቀን አሥር ጊዜ ትሰሙታላችሁ፣ ሁልጊዜ ግን በአንድ ትርጉም አይደለም። ከተማዋን በሚዞረው 285 አውራ ጎዳና ላይ መኪና ከተደረደረ መንገዱ «ባክ አፕ» አድርጓል ይባላል። በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. ሁለት ኢንች ገደማ በረዶ ጥሎ ብዙ ሰው መኪናው ውስጥ ያደረ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነበር። የማጠቢያ ቱቦ ሲደፈንም፣ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳም፣ ሰው ለጓደኛው ሲመሰክርለትም ቃሉ ያው ነው። ከሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው የኋላ ካሜራ እንኳ በሰው አፍ «ባካፕ ካሜራ» ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» እንላለን። «አለ» እዚያ ውስጥ መናገርን አያመለክትም። «ዝም አለ» የሚለውን አንድ የውጭ ሰው ቃል በቃል ቢተረጉም፣ ዝም ያለውን ሰው ሲያናግር ያገኘዋል። እኔም «ባክ አፕ» ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምን እንበለው? በአማርኛ ስልኮች ላይ «ምትኬ» የሚለውን ታገኛላችሁ። ሥሩ «ምትክ» ነው፤ የጠፋውን የሚተካ ማለት ስለሆነ ሐሳቡ ያምራል። ለገንዘብ ያዣችን ሳሳያቸው ግን ሳቁ። «ምትኬማ የእህቴ ልጅ ናት!» አሉኝ። «መጠባበቂያ» ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ለእህልም ለጄኔሬተርም ይሆናል። «ተጠባባቂ» በሰው ቦታ የሚቆም ሰው ነው። «ትርፍ» ለጎማ ይስማማል። «ቅጂ» ደግሞ ዋናው እንዳለ ሆኖ ሌላ መኖሩን ይናገራል። በመጨረሻ ለስሙ «መጠባበቂያ ቅጂ» አልን።

ግሱ ሌላ ጣጣ አለው። በአማርኛ ትእዛዝ ሲጻፍ «አስቀምጥ»፣ «አስቀምጪ» ወይስ «ያስቀምጡ» የሚለው መመረጥ አለበት። እንግሊዝኛ በአንድ ክፍት ቦታ የሚለየውን ነገር አማርኛ የሚለየው ማን እንደሚሠራና መቼ እንደሚሠራ በመናገር ነው። ስለዚህ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አራት ሆነ፦

ርዕሱ ላይ፦ «መጠባበቂያ ቅጂ»
ቁልፉ ላይ፦ «ቅጂ ያስቀምጡ»
በሥራ ላይ ሳለ፦ «ቅጂው እየተቀመጠ ነው»
ሲያልቅ፦ «ቅጂው ተቀምጧል»

ዴቨሎፐሮች፣ ይህ የእናንተም ሥራ ነው። ለምሳሌ ጌትቴክስት አንድ ዓይነት ሆነው የተጻፉ ሁለት ጽሑፎችን፣ የአገባብ ምልክት ካልተሰጣቸው፣ እንደ አንድ ቆጥሮ አንድ ትርጉም ብቻ ይሰጣቸዋል። ቁልፉንና ርዕሱን በአገባብ ምልክት ለዩ። «ይህ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ፋይሉን ይገለብጣል» የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ ለተርጓሚው ጻፉ። የገጹን ምስልም ላኩለት። ተርጓሚዎች ደግሞ «ማን ነው የሚሠራው? ምን ይሆናል?» ብለን ሳንጠይቅ አንድም ቃል አንጻፍ። ሥራው ሲያልቅም አፑን በአማርኛ ለሚጠቀምበት ሰው አሳይተን «ይህን ብትጫን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» እንበል።

መዝገቡን ከደረሰኞችና ከባንክ ወረቀቶች ለቅመን ለመመለስ ሁለት እሑድ ፈጀብን። በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኝ የጠፋበት አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀረ። ገንዘብ ያዧ «ከፍለዋል፣ ትዝ ይለኛል» ብለው በእጃቸው ጻፉላቸው። የዚያን ቀን መጠባበቂያው የእሳቸው ትዝታ ነበር።

አሁን በየወሩ መጨረሻ መልእክት ይልኩልኛል፦ «ቅጂው ተቀምጧል።»