ሰለልኩላን የት እንፈልገው?

የቅዳሴ ዜማ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉት፤ አንዱ ሽሬ ያለው ደብረ ዓባይ፣ ሌላው የወሎው ሰለልኩላ። የዋድላዋ ኮን ላይ ላደገ ሰው ሰለልኩላ የሩቅ አገር ስም አይደለም፤ ዋድላና ደላንታ ሲጠሩ የኖሩት አብረው ነው። እንግዲህ ከእናንተ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ጎግል ላይ «ሰለልኩላ ሙዚቃ» ብሎ ጻፈ እንበል። ቢበዛ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቅዳሴ ያገኛል፤ ማን እንደቀደሰው፣ የት እንደተቀዳ ግን የሚነግረው የለም። «ለካ ጥናት የሚባል የለም» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

ጥናትስ አለ። የተቀመጠው ግን «ሙዚቃ» በሚለው መደርደሪያ ላይ አይደለም። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል።

በርናር ቬላ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 «ምዕራፍ» የተባለውን የዜማ መጽሐፍ አጥንቶ አሳተመ። ያሳተመው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጽሑፎች በሚወጡበት «ፓትሮሎጂያ ኦሪየንታሊስ» ውስጥ ስለሆነ ሥራው ያለው ነገረ መለኮት ክፍል ነው። የሙዚቃ ክፍልን አንድ በአንድ ብትበረብሩ አታገኙትም። ቀጥሎ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያወጡት የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ስብስብ አለ። ምልክቶቹን እየዘረዘረ፣ በምዕራባዊ ኖታ እየጻፈ፣ ድምፁንም አያይዞ ያቀርባል። በእኔ ግምት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ችግሩ ዋጋው ነው።

አሁን ወደ ብራናው እንሂድ፤ ወሎዬ ልቡ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። የድጓን የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል፤ ቦታውም እዚሁ ወሎ፣ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ናት። ከዚያ በፊት የተጻፈ ድጓና ከዚያ በኋላ የተጻፈ ድጓ ጎን ለጎን ማየት የፈለገ ሰው ዛሬ ተራራ መውጣት ግድ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ቆይተው ወደ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ተሰብስቧል። ቅጂው የሚገኘው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ብራናዎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙውን አንብበው ካታሎግ ያዘጋጁት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝግቦ ዲጂታል የሆኑትን ገጽ በገጽ መግለጥ ይቻላል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት ብላችሁ ፈልጉ። የሀምቡርጉ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ድረ ገጽም እያንዳንዱ ብራና የት እንዳለና ምን እንደያዘ ይገልጻል።

ለንደንንም አትርሱ። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ ያቋረጠው ይህንኑ የዋድላን ሜዳ ነው። ሲመለስ ይዞት ከሄደው ብራና 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ዊሊያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመው ካታሎግ የቅጂ መብቱ ስላበቃ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባል። ብራናዎቹን በምስል ማየት ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰው የሳይበር ጥቃት ተስተጓጉሎ ነበር፤ አንድ ቀን አልከፍት ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሌሊት በየደጁ ወደሚያዜሙት ላሊበሎች ብንመጣም መደርደሪያው ያው ሌላ ነው። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ እነሱ ፊልም ሠርቷል፤ የተመደበው በሰው ልጅ ባህል ጥናት ፊልሞች ውስጥ ነው። ስለዚህ ላሊበሎችን ስትፈልጉ በሌላው ስማቸው ሐሚናም በሉ፣ ሃሚናም በሉ፣ አንትሮፖሎጂም ጨምሩበት።

ስለ አጻጻፍ ካነሣን ትልቁ ጣጣ ይህ ነው። ኮምፒዩተር ሐመሩን ሐና ሃሌታውን ሀ አንድ አድርጎ ላያይ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ መሰንቆን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፈዋል፤ ድጓም እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል። የአባት ስምም ያሳስታል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው፤ በፈረንጅ ካታሎግ «አሸናፊ» ብላችሁ ካጣችሁት «ከበደ» በሉ። ዓመቱንም አስተውሉ፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስንቱን ፈላጊ አሳስቷል። የልጃገረዶቹን የነሐሴ ጨዋታ የሚፈልግም የላስታውን አሸንድዬ ብቻ ይዞ እንዳይቀር፤ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ነው።

በነፃ ከሚገኙት መጽሔቶች የፈረንሳዩ «አናል ዴትዮፒ» ፐርሴ በሚባለው ድረ ገጽ፣ የሀምቡርጉ «ኤቲዮፒካ» በራሱ ገጽ አሉ። ስለ አፍሪካ ሙዚቃ ብቻ የሚጽፈውን የደቡብ አፍሪካውን «አፍሪካን ሚውዚክ»ም ጨምሩ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ጄስቶር ላይ ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችም በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ተጭነዋል፤ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፣ ያሳዝናል። ድምፅ ካሻችሁ፣ ሃሮልድ ኮርላንደር የቀዳውንና እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውን የኢትዮጵያ ሕዝብ ሙዚቃ ሸክላ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ዘንድ ታገኙታላችሁ። ዘፈኖቹ ቢሸጡም አብሮ የወጣው የማብራሪያ ጽሑፍ በነፃ ይወርዳል። የአዲስ አበባን ባንዶች የሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ የወጣው «ኤትዮፒክስ» አለለት፤ እሱ ብቻ ነው «ሙዚቃ» ተብሎ ሲፈለግ ቶሎ የሚመጣ!

በአካል መሄድ የሚችል ከኮን ወደ ምሥራቅ ወልድያ፣ ወደ ምዕራብ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለለት። በግቢው ኔትወርክ ሲከፈት ውጭ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጽሑፍ በነፃ ሊገኝ ስለሚችል የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከገባችሁ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ስድስት ኪሎ ነው፤ ሙዚየሙ ክራሩንና በገናውን ያሳያችኋል። የስልክ ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት ግን ሲመጣ ፋይሉን አውርዱ፣ ስሙን ደራሲና ዓመት አድርጋችሁ ቀይሩት፤ «ዶክመንት 14» ብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ከጠፋ አይለይም።

ይህን ሁሉ አገላብጣችሁም ስለ ሰለልኩላ ያልተጻፈው ከተጻፈው እንደሚበልጥ ታያላችሁ። ያልተጻፈው በመምህራኑ ዘንድ ነው። መሪጌታውን ስትቀዱ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመሪጌታውን ስምና ዜማውን የተማሩበትን የመምህራቸውን ስም በቅጂው መጀመሪያ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ። አንድ ቅጂ ለመሪጌታው ስጡ፤ ከፈቀዱም አንዱን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ።