ኦፕቲማይዜሽን እንደ ግዴታ፦ የሲስተም ላይብረሪዎች በኮምፓይለር ላይ ያላቸው ጥገኝነት

በሲ ቋንቋ ስታንዳርድ መሠረት የኮምፓይለር ኦፕቲማይዜሽን የፕሮግራምን ፍጥነትና መጠን ቢለውጥም በደንቡ የተጻፈ ፕሮግራም የሚሰጠውን ውጤት ሊለውጥ አይገባም። ስለዚህ ኦፕቲማይዜሽንን ማጥፋት ፕሮግራሙን ከማዘግየት ያለፈ ጉዳት እንደሌለው ይታሰባል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች የሚገኘው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ግን ይህን ግምት አይቀበልም። ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ብቻ ኮምፓይለሩ የሚያውጀው አንድ ማክሮ አለ፤ የላይብረሪው ምንጭ ኮድ ይህን ማክሮ ካላገኘ ግንባታውን በስሕተት መልእክት ያቋርጣል። የክልከላው መነሻ የፍጥነት ጉዳይ ሳይሆን የትክክለኛነት ጉዳይ ነው።

ችግሩ በግልጽ የሚታየው ፕሮግራም በሚነሣበት ቅጽበት ነው። ከርነሉ ፕሮግራሙንና ዳይናሚክ ሊንከሩን ወደ ሜሞሪ ካስገባ በኋላ ሥራውን ለሊንከሩ ያስረክባል። ሊንከሩም የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ይጭናል፤ በውስጣቸው ያሉትንም አድራሻዎች በተጫኑበት ቦታ ልክ ያስተካክላል። ይሁን እንጂ ሊንከሩ ራሱ አስቀድሞ ባልተወሰነ ቦታ የሚጫን ኮድ በመሆኑ የእርሱም አድራሻዎች መስተካከል አለባቸው፤ ከእርሱ ቀድሞ ይህን የሚሠራለት ደግሞ የለም። ራሱን አስተካክሎ እስኪጨርስ ድረስ በአድራሻ ሠንጠረዥ በኩል የሚያልፍ ጥሪ ወደ ተሳሳተ ቦታ ሊመራውና የተጠቃሚው ፕሮግራም ገና ሳይጀምር ሊወድቅ ይችላል።

ኦፕቲማይዜሽን መፍትሔ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኮምፓይለሩ ትናንሽ ፈንክሽኖችን በጠሪያቸው አካል ውስጥ ሲከታቸው ጥሪው ራሱ ይቀራል፤ ሠንጠረዡም አያስፈልግም። ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ረዳት ፈንክሽን ራሱን የቻለ ጥሪ ይሆናል። ውስጣዊ ጥሪም ሆነ የግሎባል ቫሪያብል ንባብ በሠንጠረዥ በኩል በሚያልፍባቸው የፕሮሰሰር ዓይነቶች ይህ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ጥገኝነት የማይፈጸም ኮድን ከማስወገድ ጋር የተያያዘ ነው። የሲስተም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስሙ የታወጀ፣ አካሉ ግን የትም ያልተጻፈ ፈንክሽን ፈጽሞ ሊደረስበት በማይገባ ቅርንጫፍ ውስጥ ሆን ብለው ይጠራሉ። ኮምፓይለሩ ቅርንጫፉን ካስወገደው ግንባታው ይሳካል፤ ካላስወገደው ሊንከሩ ስሙን አጥቶ ስሕተት ያሳያል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥም የተለመደው ይህ ዘዴ ያልተፈቀደ የዳታ መጠንን በግንባታ ጊዜ ለመያዝ ያገለግላል። ኦፕቲማይዜሽን በሌለበት ግን ትክክለኛው ኮድም እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ጥገኝነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ጉዳት ያመጣል። ጂሲሲ ሜሞሪን በአንድ ዋጋ የሚሞላ ሉፕ ሲያገኝ በሜምሴት ጥሪ ሊተካው ይችላል። ሉፑ የሚገኘው በራሱ በሜምሴት ውስጥ ከሆነ ፈንክሽኑ ራሱን ያለማቋረጥ ይጠራል። ስለዚህ ጂሊብሲ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ይህን አንድ ለውጥ ለይቶ ይከለክላል። የላይብረሪው ጸሐፊ አንዱን ለውጥ የግድ እየፈለገ ሌላውን የግድ ማገድ አለበት ማለት ነው።

ጥገኝነቱን መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው ፈንክሽን ምንጊዜም በጠሪው ውስጥ እንዲከተት በግልጽ ማዘዝ ነው፤ ጂሲሲ ይህን ትእዛዝ ኦፕቲማይዜሽን ጠፍቶም ይፈጽማል። ሌላው የንድፍ መንገድ ነው። ማስል የተባለው የሲ ላይብረሪ የሊንከሩን አነሣሥ በደረጃ ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ደረጃ መሠረታዊዎቹን አድራሻዎች ካስተካከለ በኋላ ቀጣዩን ደረጃ ይጠራል። በዚህም ከማስተካከያው በኋላ ብቻ ሊሠራ የሚገባው ኮድ ከቀደመው ጋር አይደባለቅም።

ይህ ለተመራማሪ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የላይብረሪውን ምንጭ ኮድ ብቻ አንብቦ ትክክለኛነቱን የሚመረምር ጥናት የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ያያል፤ ቀሪው ግማሽ ኮምፓይለሩ በሚወስነው ውሳኔ ውስጥ ነውና። የአነሣሥ ኮድን በዲበገር መስመር በመስመር ለመከታተል የሚሻ ተማሪም ኦፕቲማይዜሽኑን በሙሉ ሊያጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ የተሰወሩ ቫሪያብሎችንና የተዘበራረቁ መስመሮችን በማሽን ኮድ ደረጃ ማንበብ ይጠበቅበታል። በመሆኑም በዚህ ዘርፍ የሚቀርብ ውጤት በሌላ ሰው እጅ እንዲደገም የኮምፓይለሩን ስሪትና የግንባታ አማራጮቹን ከምንጭ ኮዱ እኩል መዝግቦ ማቅረብ ያስፈልጋል።