አብርሃም ካሎቭ፣ የዊተንበርግ ጽኑ ተከራካሪ

አብርሃም ካሎቭ እ.ኤ.አ. በ1612 በምሥራቅ ፕሩሲያ ሞሩንገን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በኬኒግስበርግና በሮስቶክ ትምህርተ መለኮትን አጥንቶ፣ በዳንዚግ የትምህርት ቤት አለቃና ሰባኬ ወንጌል ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በ1650 ቀድሞ ሉተር ወዳስተማረበት ወደ ዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1686 ድረስ በመምህርነት ጸና።

የሠላሳው ዓመት ጦርነት ጀርመንን ባደቀቀበት በዚያ ዘመን፣ የሄልምሽቴቱ ሊቅ ጌኦርግ ካሊክስት፣ የተለያዩት አብያተ ክርስቲያናት በመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ዓመታት የሃይማኖት ስምምነት ላይ ተመሥርተው ይቀራረቡ ዘንድ ሲያስተምር፣ ካሎቭ ግን ይህ ምክር ቀናውን ትምህርት የሚያደበዝዝ ነው በማለት ዕድሜውን ሙሉ በቃልም በጽሕፈትም ተሟገተው፤ ከ1655 እስከ 1677 ባሳተመው ባለ 12 ቅጽ ድርሳኑም የሉተራውያንን ትምህርተ ሃይማኖት በሥርዓት አደላድሎ አቆመ።

ይሁን እንጂ ከክርክሩ ይልቅ ስሙን ለብዙዎች ያደረሰው፣ በ1681 እና በ1682 የሉተርን ትርጓሜ ከማብራሪያ ጋር በ3 ቅጽ ያወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ይህንኑ መጽሐፍ የዜማው ሊቅ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ገንዘቡ አድርጎ ሲያነብ፣ በካልዕ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 5 ኅዳግ ላይ፣ በተመስጦ በሚቀርብ ዝማሬ እግዚአብሔር በጸጋው እንደሚገኝ በገዛ እጁ ጽፎበታል። መጽሐፉ ዛሬ በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ባለው የኮንኮርዲያ የሉተራውያን ሴሚናሪ በክብር ተጠብቆ ይገኛል።