ስለ እርጉዝ በጎች በሽታና በደም ስለሚታወቅበት ምልክት

በላስታ ደጋ፤ ይልቁንም ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት በጋሸና አካባቢ፤ በግ ለገበሬው የጥሪት መሠረት ነው። ስለዚህ ልትወልድ የደረሰች በግ ስትሞት እናቲቱም ግልገሏም አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ጥፋት አንዱ ምክንያት የእርግዝና መመረዝ የሚባለው በሽታ ስለሆነ፤ የወረዳ ሹማምንትና ባለ በጎች ነገሩን እንዲያውቁት ይህ ተጽፏል።

የበሽታው አመጣጥ እንዲህ ነው። የበግ እርግዝና 150 ቀን ያህል ሲሆን፤ ከፅንሱ ዕድገት አብዛኛው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ይፈጸማል። ይህ ጊዜ ግጦሽ ከሚደርቅበት ወራት ጋራ ሲገጥም፤ እናቲቱ ከምትበላው ይልቅ ፅንሱ የሚወስድባት ስኳር ይበልጣል። ስለሆነም የገላዋን ስብ ታቀልጣለች፤ ስቡም በጉበቷ ይከማቻል፤ ኬቶን የሚባለውም ነገር በደሟ ይበዛል። መንታ ያረገዘች አብልጣ ትጎዳለች፤ ነገር ግን የከሳች እንደሆነች አንድ ያረገዘችውም ልትታመም ትችላለች።

ኢንዛይም ማለት በሕያው አካል ውስጥ የሚደረገውን ለውጥ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ነው። ጉበት ሲጎዳ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ሐኪሙም ኤ ኤስ ቲና ጂ ጂ ቲ የሚባሉትን ለክቶ ጉዳቱን ይረዳል። የደም ግፊት ያደረባት ነፍሰ ጡር ሴትም ደሟ የሚመረመረው በዚሁ ዓይነት ነው። ሆኖም ኢንዛይም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ኤ ኤስ ቲ ከጡንቻም ስለሚወጣ፤ ወድቃ በምትፈራገጥ በግ ይጨምራል፤ ጂ ጂ ቲንም በረግረግ ስፍራ የሚገኘው የጉበት ትል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የኬቶኑም መጠን አብሮ ይለካ፤ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት የሚባለው በአንድ ሊትር ደም ከ3 ሚሊሞል በላይ ቢገኝ፤ በሽታው መኖሩን ያስረዳል።

ከመንጋው ተለይታ የምትቆም፤ መኖ የምትጠላ፤ እንደ ዕውር የምትደናበር፤ ጥርሷን የምታፋጭ እርጉዝ በግ ብትታይ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። ከወደቀች በኋላ ማዳን አስቸጋሪ ስለሆነ፤ የደሙ ውጤት እስኪመጣ ሕክምናው አይቆይ። ናሙና ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ከመላኩ በፊትም፤ የትኛው ምርመራ እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው። ባለ በጉ ከመውለጃዋ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ወገቧን ዳስሶ የከሳችውን ይለይ፤ ድርቆሽ፤ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ቀስ በቀስ ይጨምርላት፤ የጉበት ትል መድኃኒትም በሐኪም ምክር ይስጣት። ሹማምንትም ሣሩ ሳይደርቅ ታጭዶ ድርቆሽ እንዲከመር በየቀበሌው ያሳስቡ፤ በጊዜው የተከመረ ድርቆሽ በኋላ ከሚፈለግ መድኃኒት ይቀድማልና።