ያውቁ ኖሯል? ኩላሊት ሳይታመም ደም ቀድሞ ሊናገር ይችላል

የስኳር ሕመም የሚጎዳው ኩላሊት ለዓመታት ምንም ስሜት ላይሰጥ ይችላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ብግነት ሥራውን ይጀምራል።

• እ.ኤ.አ. በ2012 ቦስተን የሚገኘው የጆስሊን የስኳር ሕመም ማዕከል ተመራማሪዎች፣ «ቲኤንኤፍ» የተባለው የብግነት መልእክተኛ ተቀባዮች በደማቸው የበዙባቸው ሕሙማን ኩላሊታቸው ቶሎ እንደሚዳከም አሳዩ። ምልክቱ በሽንታቸው ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን መጠን ገና ጤናማ በሆነባቸው ሰዎችም ላይ ታይቷል።

• እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 194 ከብግነት ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖች ተመርምረው 17ቱ ከኩላሊት መድከም ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ ሆነው ተገኙ።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ። የደም ክሬቲኒንዎንና የሽንት አልቡሚንዎን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምሩ። በጊዜ የተደረሰበትን ጉዳት የደም ግፊትንና ስኳርን በመቆጣጠር፣ በመድኃኒትም ማዘግየት ይቻላል።