አውጪና ተቀባይ

በቢቸናና በሞጣ አገር ብዙው ታሪክ ከብራና ይልቅ በአንደበት ይኖራል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት በገባ ጊዜ በቢቸና የተነሣው አርበኛ በላይ ዘለቀ እስከ 1933 ዓ.ም. ያደረገው ተጋድሎ በቀረርቶና በፉከራ ይታወሳል።

አንዳንድ ወላጆች ግን፥ ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ዘፋኝነትን ከስካር ጋራ ስለ ነቀፈ፥ ልጆቻቸውን ከዚህ ሁሉ ይከለክላሉ። ፍርሃታቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የአርበኛ ቀረርቶ፥ የደቦ የሥራ ዜማና የቡሄ ሆያ ሆዬ ከስካር ቤት የተወለዱ አይደሉም።

ስለዚህ የዲማ ጊዮርጊስ ተማሪ ቅኔን ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል፥ ወጣቱም ጾሙን አክብሮ፥ ከመጠጥ ርቆ፥ ግጥሙን ከነታሪኩ ከአያቱ ይማር፤ በደብተሩም ይጻፈው፤ በአደባባይም ያዚመው። አያት ሲያወጣ ልጅ ካልተቀበለ፥ ዜማው ከአውጪው ጋራ ይቀበራል።