ሶፋው ስንት ይባል? ከመለጠፍዎ በፊት የሌሎችን ማስታወቂያ ያንብቡ

ቤት ሊቀይሩ ነው እንበል። አዲሱ ሳሎን ጠበብ ስለሚል ትልቁ ሶፋ አይገባም፤ ልጅዎም ከሕፃን አልጋዋ ካደገች ቆይታለች። ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ዋጋው ላይ ቆም ይላሉ። ስንት ይባል? አብዛኞቻችን የገዛንበትን ዋጋ አስታውሰን ትንሽ እንቀንሳለን፣ ወይም ጎረቤት እንጠይቃለን። በዚህ ግምት ዕቃው ጠያቂ አጥቶ ሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል። ወይም በለጠፉ በአስር ደቂቃ ውስጥ ስልኩ ይጨናነቅና አንድ ነጋዴ ወስዶ አትርፎ ይሸጠዋል። ገንዘቡ ለአዲሱ ቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ የታሰበ ከሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ግማሽ ሰዓት ይመድቡና የሌሎች ሻጮችን ማስታወቂያ ያንብቡ። (እኛ ማርኬቲንግ ላይ የምንሠራ ሰዎች «የተፎካካሪ ጥናት» እንለዋለን፤ ስሙ ከሥራው ይከብዳል።) ሲያነቡ አንድ ነገር ይያዙ፦ የተጠየቀው ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ ይለያያሉ። ለአሮጌ ፍሪጅ ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል።

በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኢንተርኔት ጨረታ ኢቤይ ይህን ለሻጮች አቅልሎታል። የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ሲመርጡ፣ ባለፉት 90 ቀናት ምን በስንት እንደተሸጠ ይወጣል። ሁለት ተመሳሳይ ካሜራዎች ቀርበው አንዱን አንድ ሰው ብቻ ተጫርቶበት፣ ሌላውን ብዙዎች ተሻምተውበት ሲያገኙ ርዕሶቹን ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ አንደኛው «ጥሩ ካሜራ» ብሎ ሲያልፍ ሌላው የአምራቹን ስምና የሞዴል ቁጥሩን ጽፏል። ገዢ የሚፈልገው በሞዴል ነውና።

የቴሌግራም ገበያዎቻችን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ባይኖራቸውም ምልክት አይጠፋም። በቻናሉ መፈለጊያ ላይ የዕቃዎን ስም ጽፈው ወደ ኋላ ይሂዱ። «ተሽጧል» የተባለበትን ያግኙና መቼ እንደተለጠፈ ይመልከቱ፤ ቶሎ ከተሸጠ ዋጋው ገዢ የተቀበለው ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። ያው ፎቶ በየሳምንቱ እየተመለሰ፣ ዋጋው በየጊዜው እየወረደ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ገዢ አላገኘም ማለት ነው። ከእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ቦታ የእርስዎ ነው። የቆየ ማስታወቂያ ግን አይመኑ። በተለይ የውጭ ዕቃ ከሆነ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ መነሻ አይሆንም።

ከዋጋው ቀጥሎ አጻጻፉን ይዩ። «ፅድት ያለ ሶፋ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ስንቴ አንብበው አልፈውታል? እኔ በበኩሌ ዋጋ የሚደብቅ ሻጭ ጋ አልደውልም፤ ብዙ ሰውም እንደዚያው ይመስለኛል። ቶሎ የተሸጡት ማስታወቂያዎች ስንት ሰው እንደሚያስቀምጥ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ የቱ ጋ እንደተቀደደ ይናገራሉ። የተቀደደውን በፎቶ ማሳየት ዋጋ የሚያስወርድ ይመስላል፤ ነገር ግን ገዢው ከአያት ቦሌ ድረስ መጥቶ በዓይኑ ሲያየው የሚጠይቀው ቅናሽ ይበልጣል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ፎቁንም ይጻፉ። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ የገዢው ስሌት ውስጥ አለ።

የሌላ ሰው ፎቶ ግን አይውሰዱ። የራስዎን ሲያነሱም ከሶፋው ጀርባ የልጆች ፎቶ ወይም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንዳይታይ ይጠንቀቁ፤ የሚያየው ሁሉ ገዢ አይደለም።

ከለጠፉም በኋላ ማንበብዎን አይተዉ። ቻናሉ ላይ ብዙ ሰው አይቶት ማንም ካልደወለ ዋጋውን እንደገና ከሌሎቹ ጋር ያስተያዩ። ደዋይ በዝቶ ሁሉም አንድ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ዋጋውን አይንኩ፤ የጎደለው ጽሑፉ ውስጥ ነው። ሦስት ሰው «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ካለዎት፣ አራተኛው ከመደወሉ በፊት ማስታወቂያው ላይ ይጨምሩት።